አራት ዲስኬት በአራት ቤት

ከባለቤቴ ከተፈራ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር ብርድ ልብስ መጭመቅ ነበር። እሑድ ጠዋት ነው። ብርድ ልብሱ ውኃ ጠጥቶ የወይፈን ያህል ከብዷል፤ አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሌላውን እሱ። ብርድ ልብስ የጨመቀ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንዱ ወዲህ ሲጠመዝዝ ሌላው ወዲያ መጠምዘዝ አለበት። ተፈራ ሃያ ሦስት ዓመት የሽመና ማሽን ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነው፤ ስለ መጠምዘዝ የሚያስተምር እንጂ የሚማር ሰው አልነበረም። ሆኖም እኔ ወዲህ ሳዞር እሱም አብሮኝ ወዲህ ያዞራል። ብርድ ልብሱ እንደ መዝለያ ገመድ ይሽከረከራል እንጂ ጠብ የሚል ውኃ የለም።

«ኧረ ተቃወመኝ» አልኩት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አትቃወመኝ ስትይ ኖረሽ ዛሬ ከየት ላምጣው?» አለኝ።

ሳቅን። ብርድ ልብሱ አመለጠንና መሬት ወደቀ፤ እንደገና ታጠበ። በዚያው ሳምንት ተፈራ ሐኪም ቤት ገባ፤ በእግሩ አልወጣም።

ይህን የምጽፈው ላስለቅሳችሁ አይደለም። ለቅሶው በወጉ ተለቅሷል። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ የእድሩ ወንበርም ተቆጥሮ ተመልሷል፤ አንድ ጎድሎ ነበር፣ እሱም ከጓሮ ዶሮ ታቅፋበት ተገኝቷል። ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ በገዛ እጄ ስለ ሠራሁት ቂልነት ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

አቃቂ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቴክኒክ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ከጽሕፈት መኪናዬ ጋር በሰላም ስኖር አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ተላከልን። በካርቶን ሲገባ ዘበኛው ሳይቀሩ ቆባቸውን አወለቁ። ማንም እንዳይነካው ተብሎ ለእኔ ተሰጠ፤ እኔም አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ሠርቼ አለበስኩት። አማርኛ አያውቅም ነበር። ስለዚህ አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፍበታለሁ፤ ያን ጽሑፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበ ሰው ሁሉ የሚንተባተብ ይመስላል።

የሽመና ማሽኖቻችን አርባ ናቸው። አርባዎቹም በዕድሜ ይበልጡኛል። መለዋወጫ አይመጣላቸውም፤ የውጭ ምንዛሪ የለም ይባላል፣ ምንዛሪው ሲገኝ ደግሞ ዕቃውን የሚሠራው ፋብሪካ የለም ይባላል። የእያንዳንዷን አመል የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ ባል ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን አስጠርተው «ጓድ ተፈራ፣ ይህን ሁሉ በጭንቅላትህ ብቻ ይዘህ አንድ ነገር ብትሆን ፋብሪካው ምን ይሆናል?» አሉት። ተፈራ ነገሩን እንደ ምስጋና ቆጠረው። እኔ እንደ ሟርት።

በደብተር ጻፈው እንዳይባል፣ የእጅ ጽሑፉ ዶሮ ጭቃ ረግጣ ያለፈችበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ከሥራ መውጫ በኋላ ቢሮዬ እየመጣ፣ አጠገቤ ባዶ ሣጥን ገልብጦ እየተቀመጠ ተናገረ፤ እኔ በኮምፒውተሩ ጻፍኩ።

«አሥራ አንድ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ታኮርፋለች። ሥራ ሳትሰጧት ሩብ ሰዓት ባዶዋን ትዙር። በመዶሻ አትንኳት፤ በመዳፍ መታ መታ አድርጓት።»

«መታ መታ ልበል?»

«በይ እንጂ። አንድ ጊዜ ብቻ ከተመታች ትቀየማለች።»

ስለ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ደግሞ እንዲህ አለ፦ «መወርወሪያዋን በግራ በኩል ትተፋለች። የሚይዘው ቆዳ ላልቶ ነው። አዲስ ቆዳ ስለሌለ ከአሮጌ ጫማ ሶል ቁረጡላት። የሴት ጫማ ይሻላል።»

«የሴት ጫማ ለምን ይሻላል?» አልኩት።

«ያንቺን ቆርጬ ስላየሁት።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት የግራ እግር ጫማዬ የት እንደገባ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ተኳርፈን ወደ ቤት ሄድን። አሁን ሳስበው፣ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው የማሽን ጽሑፍ ብቻ አልነበረም። ተፈራ የተናገረው፣ እሱ በተናገረው ቃል፣ ከዚያ በቀር የትም አልነበረም። ማተሚያው ቀለም ስላልነበረው በወረቀት እንኳ አልወጣም።

ባለቤቴ ካረፈ ከወር በኋላ ኮምፒውተሩ ታመመ። ሳበራው ጥቁር ሆኖ አንድ መስመር ይጽፍና ዝም ይላል፤ አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ አይነሣም። ዳንቴሉን ገለጥኩለት፣ ምናልባት ታፍኖ እንደሆነ ብዬ። አልረዳውም። ከበላይ መሥሪያ ቤት አቶ መላኩ የሚባሉ ባለሙያ ተላኩ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሰው ናቸው።

«ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተበላሽቷል» አሉኝ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«የቤቱ አባወራ በሉት። እሱ ከሌለ ዕቃው ሁሉ ቢኖርም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

ይህን ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

የሚሠሩትን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። በመጀመሪያ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ በዲስኬት ይገለብጣሉ፤ ከዚያ ማሽኑን ባዶ ያደርጉታል፤ ከዚያ አዲሱን ሲስተም ይጭናሉ፤ በመጨረሻ የገለበጡትን ይመልሳሉ።

«የምጽፍበት ፕሮግራምስ?» አልኳቸው።

«እሱ አያሳስብዎ። ዋናው እኛ ዘንድ አለ፤ መቼም ይመለሳል። የእርስዎ ጽሑፍ ግን ከእርስዎ በቀር በዓለም ላይ ማንም የለውም።»

ማሽኑ በሦስተኛው ሙከራ ተነሣላቸውና ጽሑፉ በአራት ዲስኬት ገባ። ላላየ ሰው፣ ዲስኬት ማለት ጥቁር ስስ ፖስታ የመሰለ፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው፣ ወደ ታች ደግሞ ሌላ ቀጭን ክፍተት ያለው ነገር ነው። አሥር አሥር ማሽን በየአንዳንዱ ገባ፤ አቶ መላኩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ጻፉባቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ባዶ አደረጉት። ከዚያ አዲሱን ሲስተም ከያዙት የራሳቸው ዲስኬቶች አንዱ አልነበብም አለ። አገላበጡት፣ ተነፈሱበት፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት። አልሆነም።

«ሌላ ይዤ ሰኞ እመለሳለሁ» አሉ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ሊወጡ ሲሉ መለስ ብለው «ዲስኬቶቹን ማሽኑ ካለበት ቤት አርቀው ያስቀምጡ፤ እሳት ቢነሣ አብረው እንዳይሄዱ። ከአንድ ቦታ በላይ ቢሆን ይመረጣል» አሉኝ።

ኋላ ሲያስረዱኝ፣ ማለታቸው ሁለት ሙሉ ግልባጭ ይኑርና አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይቀመጥ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን «በትኛቸው» የሚል ነው። የእኛ ዘመን ሰው ደግሞ ዕቃ መበተን ያውቅበታል፤ ለምን እንደሆነ አልዘረዝርም።

በመጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ንብረት ክፍል ወሰድኳቸው። ኃላፊው አገላብጠው አዩና «ዋጋቸው ያልታወቀ ዕቃ አልረከብም» አሉ። የያዙት የተፈራ ቃል ነው ብላቸው «ለቃል ደግሞ የገቢ ሰነድ የለንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የማምናቸውን ሰዎች ቆጠርኩ። ሦስት ሆኑ፤ ከእኔ ጋር አራት። እንደ ዲስኬቶቹ ልክ አራት መሆናችንን እንደ መልካም ምልክት ወሰድኩት።

አንደኛው ዲስኬት ለጎረቤቴ ለእትዬ በላይነሽ ተሰጠ። እትዬ በላይነሽ ከአጥሬ ማዶ ያሉ፣ ለቅሶዬን ከእኔ በላይ ያለቀሱልኝ ሴት ናቸው። ሁለተኛው ለኦቦ ቶሎሳ፤ እሳቸው የፋብሪካችን ዘበኛ ናቸው፣ ኮምፒውተሩ ሲገባ ቆባቸውን ያወለቁት፤ የአባታቸው እርሻ የነበረበት ሜዳ ላይ ዛሬ ፋብሪካው ቆሟል፣ እሳቸው ግን አሁንም ከብት አላቸው። አራተኛው ለሰይድ ተሰጠ። ሰይድ የወሎ ሰው፣ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌርና የተፈራ የልብ ወዳጅ ነው። ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው፦ «የተፈራ ቃል ያለበት ነው። አደራ።» አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ሦስተኛውን ራሴ ያዝኩ። ማንም የማይነካው ቦታ ፈለግሁለት። በቤቴ ውስጥ እኔም እንኳ ልነካው የማልደፍረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከበር ኋላ የተሰቀለው የተፈራ ኮት። በውስጥ ኪሱ ከተትኩት።

አቶ መላኩ ያሉት ሰኞ አልፎ ሌላ ሰኞ መጣ፤ እሱም አለፈ። መኪናቸው ለሌላ ሥራ ተመድቦ ነበር አሉ። በሦስተኛው ሰኞ መጡ። ሲስተሙን ጫኑ፤ የምጽፍበትን ፕሮግራም መለሱ፤ ማሽኑ እንደ አዲስ ሙሽራ ብልጭ ብልጭ አለ። እጃቸውን አፍተለተሉና፦

«በሉ እንግዲህ ዲስኬቶቹን።»

«ቤት ናቸው።»

«የት ቤት?»

«አራት ቤት» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «እስከ ሐሙስ ይሰብስቧቸው» ብለው ሄዱ።

ከሥራ ስወጣ ወደ እትዬ በላይነሽ ሮጥኩ። ሣጥናቸውን ከፍተው፣ ከቀሚሶቻቸው ሥር፣ ከብል መድኃኒት መሐል በነጭ ነጠላ የተጠቀለለውን አወጡልኝ። ስፈታው ዲስኬቱ ዙሪያውን በቀይ ክር ተጠልፏል። ቀዳዳው ላይና ክፍተቱ ላይ ደግሞ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል።

«እትዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ተቀዶ ነበር የሰጠሽኝ፤ ውስጡ ይታይ ነበር። ሐዘን ላይ ሆነሽ አላየሽውም ብዬ ዝም አልኩ።» ከዚያ በኩራት ጨመሩ፦ «አደራ ተቀዶ ተቀብዬ ተቀዶ አልመልስም። ጥቁር ያደረግሁት እንዳይለይ ነው።»

ስፌቱ እንዴት ያለ ስፌት መሰላችሁ። አመሰገንኳቸው። ምን ልበል?

ኦቦ ቶሎሳ ማክሰኞ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ትልቅ ቅል ታቅፈው ጠበቁኝ። አፉ በእበት ተመርጓል።

«አዴ፣ ከጎተራዬ ውስጥ ነው የማመጣው» አሉ። «ውኃ አይገባውም፣ አይጥ አይገባውም። ለዘር የማደርገውን ነው ያደረግሁለት።»

«እንዴት ነው የሚወጣው?»

«ዘር የሚወጣ ሲዘራ ነው። ቅሉ ይሰበራል።»

«እንዲህ ያለ ቅል ይሰበራል?»

«ቅልማ ሌላ ይበቅላል» አሉና በር ላይ ካለው ድንጋይ አጋጩት። ዲስኬቱ ከገለባ መሐል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ከአራታችን መሐል አእምሮ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰይድ አልነበረም፤ አሰብ ወርዷል። ሚስቱ «ያን ጥቁር ነገር ይዞት ነው የሄደው» አለችኝ። የአሰብን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንኳን ዲስኬት፣ ሰው ይቀልጣል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መኪናው መንገድ ዳር ሲቆም እኔ ጎማው ከመቆሙ በፊት በሩ ላይ ነበርኩ።

«አብሽሪ» አለኝ ከላይ ሆኖ። ከሸሚዙ ሥር የጨርቅ ከረጢት መዘዘ። «መጀመሪያ ከመሪው አጠገብ ክሩስኮቶ ውስጥ ከትቼው ነበር። አዋሽን ሳልፍ ነካሁት፣ ጋለብኝ። ከዚያ ወዲያ ከደረቴ ለይቼው አላውቅም፤ ሰው ከሞቀ ውኃ ይጠጣል፣ እሱ ምን ይጠጣል ብዬ ከረጢቱን ጥላ ጥላውን ሳዞር ነው የከረምኩት።»

«ቤት ለምን አልተውከውም?»

«አደራ ቤት ይቀራል እንዴ? ባለ አደራው ባለበት ነው የሚኖር።» ከዚያ ሳቁ መጣ። «ኬላ ላይ ፈትሸው አገኙብኝ። ምንድን ነው አሉኝ። ወላሂ ምን እንደሆነ እኔስ መች አወቅሁት? የሟች ወዳጄ ቃል ነው አልኳቸው። ወታደሩ አየው፣ አገላበጠው፣ ነፍስ ይማር ብሎ መለሰልኝ።»

የቀረው የእኔ ነበር። የእኔ ስለሆነ አላሰብኩበትም። ማታውኑ ራት ሳልበላ ከበሩ ኋላ እጄን ሰደድኩ። ሚስማሩን አገኘሁት። ሚስማር ብቻ።

በአርባው ቀን የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል። እትዬ በላይነሽ ያን ዕለት «ልጄ፣ ልብሱን ላውጣ?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ግድግዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ «አውጡት፤ እኔ ግን አላይም» ብያለሁ። አላየሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ከእትዬ በላይነሽ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ኮቱን የወሰዱት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእንግዲህ ብርድ አልፈራም ብለው ወደ አገራቸው ገብተዋል። አገራቸው ወዴት ነው ስንል በሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ፣ እያንዳንዱ በየአቅጣጫው። ሰውዬው እስከ ዛሬ የሆነ ደጋ ላይ፣ አሥር የሽመና ማሽን በደረት ኪሳቸው ይዘው ይመላለሳሉ ማለት ነው። ይሙቃቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እትዬ በላይነሽ አላባበሉኝም። «ሌሎቹን ሦስት ከማን ጋር ትተሻቸው ነው እዚህ የምትቀመጪ?» አሉኝ። ተነሣሁ።

ሐሙስ ሦስቱም ባለ አደራዎች ቢሮዬ ተገኙ። አልጠራኋቸውም። አደራ የሚመለስ ፊት ለፊት ነው ብለው መጡ። አቶ መላኩ የተሰፋውን ዲስኬት አንሥተው ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

«ይህን የሰፋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ምነው፣ ላላ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ኧረ አልላላም፣ እትዬ። እሱ ነው ችግሩ።»

ምላጭ አስመጡ። ስፌቱን አንድ በአንድ ፈቱት። ከዚያ ጥቁሩን ልባስ በጠርዙ ሰንጥቀው ከውስጡ ስስ ክብ ነገር በሁለት ጣታቸው ሲያወጡ ሁላችንም ወደ ጠረጴዛው ተጠጋን። ባዶ ዲስኬት ቀድደው፣ የእሱን ሆድ አውጥተው፣ የእኛን ከተቱበት።

«እኔ የሸፈንኩትን ገፈው ሌላ ልብስ ካለበሱት ምን ለየን?» አሉ እትዬ በላይነሽ በቀስታ።

ማሽኑ አጉረመረመ። ከዚያ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ አንድ አለ። ሁለት አለ። ሦስት አለ። እትዬ በላይነሽ ማሽን በተቆጠረ ቁጥር እልል ለማለት ይቃጣቸዋል፤ ሰይድ በክንዱ ይነካቸዋል። ስድስት ላይ ቆመ። ስድስት ቁጥርን የእትዬ በላይነሽ መርፌ ወግታታለች። ሰባት አለ፤ እስከ አሥር ሄደ። የኦቦ ቶሎሳ ዲስኬት ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ሳይተነፍስ ጨረሰ። ኦቦ ቶሎሳ ቆባቸውን አስተካከሉ።

«ሦስተኛው?» አሉ አቶ መላኩ።

«ሦስተኛው የለም።» ነገሩን ነገርኳቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው የሰይድን አራተኛ ዲስኬት አስገቡ። ማሽኑ ጮኸና አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ጻፈ።

«ምን አለ?» አለ ሰይድ።

አቶ መላኩ ተረጎሙልን። «ተራው አይደለም ይላል። መሐል ላይ የጎደለ አለ። ወይ የጎደለውን አምጡ፣ ወይ ካልቸገራችሁ ቀጥሉ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ላድርግ?»

ሁሉም አዩኝ። ማሽን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

«ይቀጥል» አልኩ።

ከሠላሳ አንድ እስከ አርባ ሁሉም መጡ። ሠላሳ ሰባትን ከፈትኩ። የሴት ጫማ ይሻላል ይላል። እንዳለ አለ፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ከጉሮሮዬ ወጣ፤ ኦቦ ቶሎሳ መስኮት ከፈቱልኝ።

ከአርባው ማሽን የሃያ ዘጠኙ ጽሑፍ መምጣቱን፣ የአንዱ በመርፌ መበላሸቱን፣ የአሥሩ ጨርሶ መቅረቱን ለሥራ አስኪያጁ ሄጄ ተናገርኩ። ቅጣት ስጠብቅ የተላከችብኝ ከሽመና ክፍል አስካለ ናት፤ ሃያ አራት ቁጥር ላይ የምትሠራ፣ ጆሮዋ በማሽን ጩኸት የደከመ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የምትጮኽ ሴት።

«የሃያ አራት ጠፋ አሉ» ብላ ጮኸች።

«ጠፋ።»

«ምን ይጠፋል? እኔ ነኝ ያለሁባት። ጻፊ። ስትንጫጫ ዘይት እንዳትሰጪያት፤ ዘይት የለመደች ባለጌ ናት አለኝ ተፈራ። ግራ ቡሎኗን ሩብ ዙር መልሺላት አለኝ። ሩብ ስንት ነው ብለው፣ ቂጣ ለአራት ሰው ስትቆርሺ ያንቺ ድርሻ አለኝ።»

ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። ይህን ለእኔ ሲያስጽፈኝ ስለ ቂጣ አላነሣም ነበር። ለእኔ ሩብ ዙር ብሎ ነው ያለፈው።

«ቂጣውን ልጻፈው?» አልኩ።

«ካልጻፍሽው ማን ይገባዋል?» አለች አስካለ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ደብተሬን ይዤ ወደ ሽመና ክፍል እወርዳለሁ። በማሽኖቹ መሐል እየዞርኩ ተፈራ የነገራቸውን እጠይቃለሁ፤ እየጮኹ ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። ከጠፉት አሥር ሰባቱን ጨርሻለሁ፤ የስድስት ቁጥርንም እንዲሁ። ዓርብ ዓርብ ሁለት ሙሉ ግልባጭ አወጣለሁ። አንዱን ቢሮ እተዋለሁ፣ አንዱን ቤት እወስዳለሁ።